ላላየኋት ከተማ ሽማግሌ ሆኜ

በሽምግልና ሄጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን የለም። ይህን ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረው" ትላለች። ትበል፤ እውነት ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር፣ በትርፍ ጊዜዬ የሰው ሴት ልጅ ስለምን ኖሬያለሁ። ዮቪል በሉ፣ ሂልብሮው በሉ፣ ዲፕስሉት በሉ፣ የኛ ሰው ባለበት ሁሉ ገብቼ ለምኛለሁ። ጋቢዬ ከመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ አይነሳም። አንድ ቅዳሜ አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሬን አንኳኩታ "ጋሼ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት" ስትለኝ ታዲያ የደነገጥኩት በነገሩ ሳይሆን በጠያቂዋ ነው። ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

ልጅቷን ከትንሽነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ዮቪል ተወልዳ ያደገች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣች አልጀብራ የተማረች፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነች ልጅ ናት።

"እሱስ? አፍ የለውም?" አልኳት።

"አፍ አለው ጋሼ፤ ሽማግሌ ነው የሌለው። እዚህ ማንም የለውም። አሜሪካዊ ነው።"

የውሃ ቧንቧ መሐንዲስ ነው አለችኝ። ውሃ በየሳምንቱ በሚጠፋባት ከተማችን ለእንዲህ ያለ ሰው ሥራ አይጠፋም፤ ነገር ግን የእሱ ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። "አባቴ እምቢ ካለ እሱም ይሄዳል፣ እኔም እቀራለሁ። ያለ አባቴ ፈቃድ አላገባም፤ ይህንን ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ" አለች። ስታወራ ፊቷ ላይ አንድ ቀልድ አልነበረም። አልጀብራ ሲያስቸግራት እንኳ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

አባቷን የማያውቅ የለም። በትከሻው ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ፣ በየድሃው ሰፈር፣ ቤት ለቤት እየዞረ ጀምሮ፣ አሁን ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍል ሰው ነው። የመጣው ከደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሸለቆ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም አይደለም፤ "የየት አገር ሰው ነህ?" ነው። መልሱን ከሰማ በኋላ ወንዙን፣ ገበያውን፣ የገበያውን ቀን ይጠይቃል። ለትልቋ ልጁ የመጡትን ሽማግሌዎች የመለሳቸው እኮ ሊያገባት የፈለገውን ወጣት ጠልቶ አይደለም። "የቤተሰቡ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?" ብሎ ቢጠይቃቸው አንደኛው ወዲህ፣ ሁለተኛው ወዲያ፣ ሦስተኛው ደግሞ መሀል ላይ ነው ስላሉት ነው። "አገሩን ለማላውቀው ሰው ልጄን አልሰጥም" ብሎ በሩን ዘጋ። እህቷ እስከ ዛሬ አላገባችም።

ስለዚህ አገሩን ማጥናት ነበረብኝ።

ልጁን ያገኘሁት ዮቪል ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ዝምታው መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ሽሮውን ግን እንጥፍጣፊ ሳያስቀር በሥርዓቱ ሲበላ ሳየው ለቀቅ አልኩ። ደብተሬን አወጣሁና "በል፣ ከተማህን ንገረኝ" አልኩት።

"ትንሽ ናት" አለ።

"ሽማግሌ ፊት ትንሽ ናት አይባልም። እንደገና ጀምር።"

ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ተገናኘን። ከተማዋ በሁለት ረጃጅም ኮረብቶች መካከል፣ ዝግ ብሎ ከሚሄድ ቡናማ ወንዝ ዳር ናት። መጀመሪያ ወንዙ በእግር በሚሻገሩበት ቦታ ላይ አንድ ሰው የእህል ወፍጮ ተከለ። ሊያስፈጭ የመጣው ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ዋለ፤ ሲጠብቅ አደረ፤ በመጨረሻ ቤት ሠራ። ቀጥሎ የባቡር ነገር መጣ። ከኮረብታው ጀርባ ያለችው ከተማም ባቡሩን ስለፈለገች፣ ሐዲዱን ሊቀይሱ የመጡትን ሰዎች የሸለቆዋ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ የፖም ኬክ እየጋገሩ አበሏቸው። ሐዲዱ በሸለቆው በኩል ዞሮ አለፈ። "እነዚህ የኛ ሰዎች ናቸው!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። የጀርባዋ ከተማ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ፣ የልጅ ልጆቻቸው ኳስ ሲጫወቱ እንኳ፣ ያንን ኬክ ይቅር አላሉም።

ኮረብታው ላይ ጥሩ የወንበር እንጨት ስለነበረ የወንበር ፋብሪካ ተከፈተ። የልጁ አያት ወንበር ሠሪ ነበሩ፤ አባቱም እንዲሁ። በዚያ አካባቢ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የሸለቆዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል። ወንበሩ በደንብ ሲሸጥ ሰዎቹ ልባቸው አበጠና ራሳቸውን "ከተማ" አስባሉ፤ ትልቅ የአደባባይ ሰዓትም ገዙ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ ማንም አያስተካክለውም፤ ሁሉም በልቡ ሰባት ደምሮ ያነበዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ዋናውን መንገድ ዋጠው። ውሃው የደረሰበት ቦታ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተሰምሯል፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ላይ መልሰው ሠሩ።

"ለምን ወደ ኮረብታው አልወጡም?" አልኩት።

"ወንዙ ያለው እዚህ ነዋ" አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ስለ ሰዎቹ ጠባይ ስጠይቀው ብዙ አሰበ። ወሬ አይወዱም። መኪና ሲነዱ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ከመሪው ላይ አንዲት ጣት አንስተው ሰላም ይላሉ። ሰው ሲታመም በረንዳው ላይ ምግብ ተቀምጦ ይገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። በር አይቆልፉም።

"አሁንስ? ፋብሪካው?"

"ተዘግቷል። ሰው ይሄዳል" አለ።

እዚህ ላይ ደብተሬን ዘጋሁት። መማር ያለብኝን ተምሬያለሁ፤ መናገር ያለብኝን የምወስነው እኔ ነኝ።

አብረውኝ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዲፕስሉት ውስጥ ሱቅ ያለው ወዳጄ ነው፤ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሌላው በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው ሥራ ነጭ ለብሰው ራሳቸውን መነቅነቅ ነው፤ በዚህ የሚስተካከላቸው የለም። ባለሱቁን ለማስጠናት ሱቁ ድረስ ሄድኩ። እሱ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ እጠይቀዋለሁ።

"ፋብሪካው ምን ይሠራል?"

"ወንበር! ቆይ ቲቸር፣ ለዚች ዳቦ ልስጣት። ሳውቦና ማማ!" ብሎ ገዢዋን በዙሉ ሰላም አላት።

"ሰዎቹስ?"

"በር አይቆልፉም።" ይህን ብሎ የራሱን ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ በላይ ያለውን ሁለተኛ ፍርግርግ አየና ሳቀ። "ቲቸር፣ ይኼን አንናገርም። ጆበርግ ውስጥ በር የማይቆልፍ ሰው አለ ብንል ውሸታሞች ናቸው ይለናል።"

ትክክል መስሎ ታየኝ። ፋብሪካው መዘጋቱን፣ ወንዙ መሙላቱን፣ ሰው መሄዱን ልንደብቅ ቀድመን ተስማምተናል። በር አለመቆለፋቸውን ደግሞ ማንም ስለማያምነን ተውነው። ያጠናሁት ሁሉ በዚህ ዓይነት አለቀ፤ በእጃችን የቀረው ወፍጮውና ኬኩ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሄድን። የእኔ መኪና ጋራዥ ገብታለች፤ የባለሱቁ ባኪ፣ ያቺ የጭነት ፒካፑ፣ ደግሞ ፊት ለፊት ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ስለዚህ የዓለም ሥርዓት ተገለባብጦ፣ ሽማግሌዎቹን እየነዳ የወሰደን ሙሽራው ራሱ ሆነ። ከቤቱ ራቅ አድርጎ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር አቆመ። "ከመኪናው እንዳትወርድ። ምናልባት ከተጠራህም ተቀመጥ ሳትባል እንዳትቀመጥ" ብዬ አስጠንቅቄው ገባን።

የልጅቷ አባት ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀበለን። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። "ተቀመጡ" አለን። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አልን። ቆመን ተናገርን፤ እሱም በሥርዓቱ ሰማን። ከዚያ አስቀመጠንና፣ እጆቹን አጣምሮ፣ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣው።

"አገሩ የት ነው?"

ወፍጮውን ነገርኩት፤ ደስ አለው። ኬኩን ነገርኩት፤ ሳቀ። ነገሩ ጣመኝ። ይኼኔ ባለሱቁ ቃሉን ተቀበለኝ።

"የወንበር ፋብሪካው ቀን ከሌት ነው የሚሠራው!" አለ።

"ባቡሩስ?"

"በየሰዓቱ!"

"ወንዙ አይሞላም?"

"የረጋ ወንዝ ነው" አልኩ እኔ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሕዝቡስ?"

"ከቀን ወደ ቀን እየበዛ!" አለ ባለሱቁ። "ጋሼ፣ ከፕሪቶሪያ ብታንስ በትንሽ ነው!"

በዚህ መሀል የውጭው በር ደወል ጮኸ። አባትየው ወጣ፤ እኛም በመስኮት አየን። የሰፈሩ ጥበቃ ነው፤ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሷል። ከኋላው ደግሞ እጆቹን በትንሹ ከፍ አድርጎ የኛ ሙሽራ ቆሟል።

"ሳውቦና ባባ" አለ ጥበቃው። "ይህ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ቤትህን ሲያይ ነበር፤ ጎረቤቶች ደወሉልን። ምን ትሠራለህ ብለው 'የቤቱን ጌታ ሴት ልጅ ላገባ ነው' ይለኛል። ሃይቦ! እውነት ነው?"

አባትየው ዞሮ በመስኮት አየን። "የእናንተ ነው?"

"የእኛ ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ልጁ ገብቶ በሩ ጋ ቆመ። ማንም ተቀመጥ አላለውም፤ እሱም አልተቀመጠም። አባትየው በእንግሊዝኛ "ሽማግሌዎችህ ፋብሪካው ቀን ከሌት ይሠራል ብለውኛል። አሁን ምን ዓይነት ወንበር ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀው።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

"ፋብሪካው የተዘጋው እኔ ተማሪ እያለሁ ነው" አለ።

"ባቡሩስ?"

"ሐዲዱ አለ። ሣር በቅሎበታል።"

"ወንዙ?"

"እኔ እንኳ የማስታውሰው ሁለት ጊዜ ቤታችን ገብቷል። ቧንቧና ውሃ ያጠናሁትም ለዚያ ነው።"

"ሕዝቡ?"

"ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ።"

በሕይወቴ ስንት ተማሪ ሲኮርጅ ይዣለሁ። የሚሰማቸውን የዚያን ቀን አወቅኩት። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ያፈርኩት ስለተያዝኩ ብቻ አይደለም። ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ከተማውን በእውነት የነገረኝን ልጅ፣ ከነከተማው አሳፍሬዋለሁ። ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ልጅቷ እዚያ ቆማ ትንፋሿን እንደያዘች ታወቀኝ።

"ታዲያ ምን ቀረ?" አለ አባትየው።

ልጁ አሁን ከልጅቷ ወደተማረው አማርኛ መጣ። አማርኛው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል በቃል እያስቀመጠ ይሄዳል። "ወንበሮቹ" አለ።

ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ለሠራተኞቹ አንዳንድ ወንበር ተሰጣቸው። ይዘው ወደ ቤታቸው መሄድ ከበዳቸውና፣ ዋናው መንገድ ላይ ደርድረው ተቀመጡ። ሴቶቹ ምግብ አመጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤተሰብ ወንበሮቹን ከቤት አውጥቶ መንገዱ ላይ ይደረድርና አብሮ ይበላል። ለሄደ ሰውም ወንበሩ ይወጣል። መንገዱ ሙሉ ነው፤ ግማሹ ግን ባዶ ወንበር ነው።

"ያንተንስ ማን ያወጣል?" አለ አባትየው።

"እናቴ።"

"የት ታስቀምጠዋለች?"

"ከእሷ በስተቀኝ።"

"ማን ይቀመጥበታል?"

"ማንም። ሰው እንዳይቀመጥበት ካፖርቷን ታደርግበታለች። ቀኑ ብርድ ነው፤ ግን ታደርግበታለች።"

አባትየው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ለማናችንም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ ስለ ራሱ ከተማ ማውራት ጀመረ። ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ አዳዲስ ቤት ተሠርቷል አለ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ መስታወታቸው የሚያብለጨልጭ። ባለቤቶቹ እዚህ ናቸው፤ ዲፕስሉት ፍርግርግ ውስጥ፣ ሂልብሮው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው። መስኮቱን የሚከፍት የለም። "እናቴ እስክትሞት ድረስ መስቀል በመጣ ቁጥር የኔን ድርሻ ታስቀምጥ ነበር አሉኝ" አለ። "እኔ ያንን የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው።"

ተነሳ። ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሄዶ አንድ ወንበር ራሱ ተሸክሞ አመጣና ከራሱ በስተቀኝ አስቀመጠው።

"ተቀመጥ" አለው።

ልጁ ተቀመጠ። አባትየው መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ እኛ ዞረ። "እናንተ ግን ተነሱና ቁሙ።"

ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርኩ ሰው፣ በጋቢዬ፣ ተነስቼ ቆምኩ። ባለሱቁም ቆመ። ሽማግሌው ቆመውም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት፤ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ሳቋን አፈነችው አፈነችውና አመለጣት። ከዚያ እናቷ፣ ከዚያ አባትየው ራሱ። እኔም ቆሜ ሳቅኩ፤ ከመሳቅ ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

አባትየው አንድ ቃል ብቻ አስገባን። ወንበር በሚወጣበት ቀን ልጁ ሚስቱን ይዞ እናቱ ዘንድ ይገኛል፤ ከዚያ ደግሞ ይዟት ወደዚህ ይመለሳል። "የእሷንም ባዶ ወንበር እኔ ማየት አልፈልግም" አለ። ልጁ ቃል ገባ። ውሉም በኋላ ተራዘመለት፤ ውሃችን እንደሆነ መጥፋቱን አልተወም።

ሠርጉ ሐምሌ ላይ ሆነ፤ እዚህ አጥንት የሚሰብር የክረምት ወር ነው። የልጁ እናት ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪማቸው አውሮፕላን ከለከላቸውና በስልክ ብቻ ሊያዩት ሆነ። አዳራሹ እንደ በረዶ ቤት ነበር። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና "ሰውየው ምን ነካው? በዚህ ብርድ በሸሚዝ?" አለችኝ። አየሁት። የልጅቷ አባት፣ ጠዋት በወፍራም ጥቁር ካፖርት ሲገባ ያየሁት ሰው፣ በሸሚዙ ቆሞ እጆቹን እያፋተገ እንግዳ ይቀበላል። የብርድ ልብስ ነጋዴ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማየት ያስቃል፤ ተሳሳቅንበት።

ባለሱቁ እንደ ልማዱ አርፍዶ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል። ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትት፣ ከፊተኛው መደዳ፣ በወንዱ ወገን፣ ከሙሽራው ቦታ አጠገብ አንድ ክፍት ወንበር አየ። ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ወፍራም ጥቁር ካፖርት አለ። ካፖርቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ የልጅቷ አባት ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ አየውና ሙዚቃውን አሸንፎ ጮኸ።

"ተው! ሰው አለበት!"